«ጥገና እንጂ አዲስ ግድብ አይደለም» ለተባሉት ጠያቂ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እናቴና ሁለት ወንድሞቼ ከአንድ የቆየ የመብራት ኃይል ግድብ ግርጌ፣ ወንዙ ዳር በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ባለፈው ዓመት ግንቦት የግድቡ የታችኛው በር ሲሞከር ውሃው በሌሊት ደርሶ መደቡን ደለል አለበሰው። አሁን ደግሞ ግድቡ ሊታደስ ነው፤ ውሃውም ይለቀቃል ተብሏል። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ጥናት ተደርጎ እንደሆነ ስንጠይቅ «ጥገና እንጂ አዲስ ግድብ አይደለም፤ ጥናት አያስፈልገውም» ተባልን። ሕጉ ምን ይላል? የግድቡ ስም እንዳይጠቀስ አደራ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የተሰጣችሁ መልስ ከሕጉ ጋር አይገጥምም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 «ፕሮጀክት» ለሚለው ቃል የሰጠው ትርጉም በአዲስ ሥራ ላይ አያበቃም። በመመሪያ ከተዘረዘሩት የሥራ ዓይነቶች ውስጥ የሚገባን ነባር ሥራ በከፍተኛ ደረጃ ማስፋፋት፣ መለወጥ፣ ተቋርጦ የነበረን እንደገና መጀመርም ፕሮጀክት ነው። ብሎን ለማጥበቅና ቀለም ለመቀባት ጥናት ይደረግ የሚል የለም። በር መቀየር፣ ተርባይን መተካት፣ የተጠራቀመውን ውሃ ማጉደል ግን ከዚያ የራቀ ሥራ ነው። ጥናቱ ተመርምሮ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ የጀመረ ባለፕሮጀክት ከ50,000 እስከ 100,000 ብር መቀጫ ተደንግጎበታል።

ይህን አጥብቄ የምለው እድሳት ራሱ ወንዝን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ለዓመታት ግድቡ ሥር ተኝቶ የኖረ ደለል በአንድ ሌሊት ሲለቀቅ ዓሣው በጭቃ ታፍኖ ዳር ላይ ይቀራል፤ የመስኖ ቦይ ይደፈናል፤ ከብት የሚጠጣው ያጣል። ደለል ለግድብ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ የጎንደር ሰው ከአንገረብ የመጠጥ ውሃ ግድብ ያውቃል፤ እዚህ ግን ጥያቄው ያ ደለል ሲወጣ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። እድሳቱ ካለቀ በኋላስ? አዲሱ ተርባይን የበለጠ ውሃ የሚፈልግ ከሆነ ወንዙ ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1993 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ወደ ማመንጫው በመዞሩ ፏፏቴው በበጋ እንዴት እንደሳሳ ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ ሁሉ ይነግራችኋል። ስለዚህ የጥናቱን ሪፖርት ስታገኙ በመጀመሪያ የምትፈልጉት ከኅዳር እስከ ግንቦት በየወሩ ወደ ወንዙ የሚለቀቀውን ዝቅተኛ የውሃ መጠን ይሁን። ቀጥሎም በሩ ከመከፈቱ በፊት ለእናንተ ማስጠንቀቂያ የሚደርስበትን መንገድ። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የሚቀዳው ዘይት የት እንደሚወገድም ጠይቁ፤ በቆዩት ውስጥ መርዛማ ኬሚካል ያለበት ሊኖር ይችላል።

ያለፈው ዓመት ጉዳት ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይገኝበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ግድብ በዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ። ነገር ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ዘንድሮ ግንቦት አንዱ ዓመት ይሞላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት የክሱ በር ይዘጋል። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ «ይታያል» ሲባል ጊዜው አልፎባቸው ቢሮዬ የመጡ ገበሬዎችን ባዶ እጃቸውን መሸኘት ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው። እናትዎን እንዲህ እንዳልሸኝ ከአሁኑ ማስረጃ ይሰብስቡ፤ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የዘርና የማዳበሪያ ደረሰኝ፣ ውሃው የደረሰበትን ሌሊት የሚያስታውሱ ጎረቤቶች። ደለሉ ገና ካልተገለበጠ ሜትር አስገብታችሁ ውፍረቱን ፎቶ አንሱ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቆሞ አይቶ በጽሑፍ ይመስክር።

አሁን ወደ እድሳቱ። ሥራውን የሚያካሂደው፣ የሚፈቅደው ወይም የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ሪፖርቱን የሚመረምረው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ካልሆነ የክልሉ። በአዋጁ አንቀጽ 15 መሠረት መርማሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ለሕዝብ ክፍት ማድረግና አስተያየት መቀበል ግዴታው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 እና 92 የመመካከርን መብት ሰጥቷችኋል። ስለዚህ ሪፖርቱ እንዲሰጣችሁ፣ ይሁንታ መሰጠቱ እንዲገለጽላችሁ፣ በሩም ከዚያ በፊት እንዳይከፈት በጽሑፍ አመልክቱ። በውሳኔው ቅር ከተሰኛችሁ አቤቱታው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይቀርባል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ በአካባቢ ላይ ጉዳት እያደረሰ ነው ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚባል ሰው ላይ፣ የግል ጥቅም ተነክቶብኛል ማለት ሳያስፈልግ፣ ማንም ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል።

ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ከሆነ ባንኩ የራሱ የግድብ ደኅንነት መስፈርት አለው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው የተጎዱ ሰዎችም የተጎጂዎችን አቤቱታ ለሚመረምረው የባንኩ የቁጥጥር ፓነል አቤት ማለት ይችላሉ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በማመልከቻው ላይ ጠይቁ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ላይ ቁጥር፣ ቀንና የገቢ ማኅተም ሳይመታበት ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አትነሡ፤ 30ው ቀን መቼ እንደሞላ የምታስረዱት በዚያ ማኅተም ነው።