ካኖፒው ላይ መጋዝ ከማሳረፍህ በፊት፦ የሰሞኑ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሰው አውሮፕላኑን ቤቱ ውስጥ ሲገጣጥም ከርሞ፣ በሺህ የሚቆጠር ሪቬት ያለ ፍርሃት መትቶ፣ ያ ትልቅ የአክሪሊክ ካኖፒ፣ ማለትም አብራሪው ላይ የሚከደነው መስታወት መሳይ የፕላስቲክ ክዳን፣ በልኩ ሊቆረጥ ከሳጥኑ ሲወጣ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አይፈረድበትም። አሉሚኒየም ብታበላሽ ሌላ ቁራጭ ትቆርጣለህ። ካኖፒው ግን አንድ ነው፣ ውድ ነው፣ ሲሰነጠቅም ጠብመንጃ የተተኮሰ ነው የሚመስለው። ድምፁን አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እመጣበታለሁ።

«ጂግሶ፣ ያ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ አለኝ። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ምላጭ ገዝቼ ብቆርጥበትስ?»

ተው። የተሳካላቸው ሰዎች አሉ፣ አልክድም፤ ግን በዚህ ዕድልህን አትሞክር። የጂግሶ ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ጠርዙን እየነከሰ ያነሳዋል፣ መልሶ ይጥለዋል። እንጨት ይህን ይችላል፤ አክሪሊክ ግን ትንሽ ጎንበስ ይልና ቀጥሎ ይሰበራል። የቆርቆሮ መቀስማ ጭራሽ አይታሰብ።

የሚያስፈልግህ የማይነክስ፣ እየፈጨ የሚያልፍ ነገር ነው። ዳይ ግራይንደር በሚባለው፣ በእጅ በሚያዝ ፈጣን መፍጫ ላይ የሚገጠም ጥርስ የሌለው ስስ መቁረጫ ዲስክ፣ 75 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው፣ ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም። ግራይንደሩ በአየርም ይሥራ በኤሌክትሪክ ለውጥ የለውም። መስመሩን በወረቀት ፕላስተር ላይ አስምር፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ በርቅሰህ ለመውጣት አትሞክር። መጀመሪያ ጭረት የምታክል ቦይ አውጣ፣ ተመለስና አጥልቃት፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ራሷ ታልፋለች። አንድ ቦታ ላይ አትቁም፤ አክሪሊክ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ዲስኩ ሥር የቀለጠው ደግሞ ከኋላህ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጣበቃል። ነጭ ብናኝ እየወጣ ከሆነ ቀጥል። እንደ ማስቲካ የሚጎተት ነገር ካየህ በጣም ተጭነሃል ማለት ነው፣ ትንሽ አረፍ በል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ካኖፒው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ተቆርጦ የሚጣለው ቁራጭ በክብደቱ ይንጠለጠልና ያልተቆረጠችውን ጫፍ ይሰነጥቃታል። ስለዚህ ቆርጠህ ባለፍክ ቁጥር ከኋላህ በፕላስተር እያሰርክ ሂድ፣ መጨረሻው ላይም ቁራጩን በእጁ ደግፎ የሚይዝ ሰው ጥራ።

«ትንሿ ድሬሜል፣ በእጅ የምትያዘው የምትሽከረከር መሣሪያ፣ ብቻዋን አትበቃም?»

ለጥምዝምዙና ለጠባቡ ቦታ ግሩም ናት። ለረጅሙ መስመር ግን ዲስኳ ቶሎ ያልቃል፣ እጅህም ይዋልላል።

«ክረምት ነው፣ ጋራዡ ይቀዘቅዛል። ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?»

የኔ ታሪክ እዚህ ጋ ነው። ጠዋት ላይ ነበር፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ እኔም ዛሬ ካልጨረስኩ ብዬ ችክ አልኩ። ቆረጣው በሰላም አለቀ። ደስ ብሎኝ ካኖፒውን ፍሬሙ ላይ አስቀመጥኩና በክላምፕ (መቆንጠጫ) ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሳብ አደረግኩት። ጧ! ከኋላው ጠርዝ ስድስት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ስንጥቅ ገባች። መሣሪያው ምንም አላጠፋም፤ ብርዱ ነው።

ስለዚህ ጠብቅ፣ ወይም ክፍሉን አሙቅ። እኔ አሁን 25 ዲግሪ ካልደረሰ ካኖፒውን አልነካም፤ 30 ቢሆንማ ደስታውን አልችለውም። መሞቅ ያለበት ደግሞ አየሩ ብቻ አይደለም፣ ራሱ አክሪሊኩ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ተወው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሙቅ አየር መንፋት ግን ሌላ ችግር መግዛት ነው።

«ካኖፒውን ፍሬሙ ላይ ለሚያስሩት ብሎኖች ቀዳዳ ለመብሳት ያለኝን ፑንታ ብሞርደው ይሆናል?»

እንዲያውም ስለት የበዛበት ፑንታ ነው ጠላትህ። ለብረት የተሠራው የተለመደው ፑንታ ጫፉ 118 ዲግሪ ነው፣ ከንፈሩም (የሚቆርጠው ጠርዙ) ወደ ፊት እየሳበ ይገባል፤ አክሪሊኩን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ይነክስና ዙሪያውን ያረግፈዋል። ለአክሪሊክ ተብሎ የሚሸጠው ጫፉ ይበልጥ የሾለ ነው፣ 60 ዲግሪ ገደማ፣ ከንፈሩም እንዲፍቅ እንጂ እንዳይስብ ተደርጎ የተሳለ ነው። እሱ ከጠፋ ደረጃ ደረጃ ያለው ሾጣጣ ፑንታ ንጹህ ቀዳዳ ያወጣል። ከጀርባ እንጨት ደግፍ፣ ሊወጣ ሲል እጅህን አቅልል።

ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርገው ሲሉህም ዝም ብለው አይደለም። አንድ ሜትር አክሪሊክ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል፤ ሥሩ ያለው የአሉሚኒየም ፍሬም ግን 0.7 ብቻ። መሬት ላይ ፀሐይ የጋገረው ካኖፒ ከፍታ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ መኮማተር ይፈልጋል፤ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ግጥም ብሎ ከያዘው ከዚያው ቀዳዳ ይሰነጠቃል። ፕላንህ የሚለውን ስፋት ተከተል፣ ብሎኑንም አታንቀው።

«ቆረጣው ቆንጆ ወጥቶልኛል። ጠርዙን ማለስለስ የግድ ነው? ማንም አያየውም እኮ።»

የግድ ነው። ለማማር ሳይሆን፣ ዲስኩ የተወው እያንዳንዱ ጭረት ነገ ስንጥቅ የሚነሳበት ቦታ ስለሆነ ነው። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፣ 120፣ 220፣ ከዚያ 400። ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልለህ ርዝመቱን ተከትለህ ሳብ፣ አቋርጠህ አትፈግፍግ። ሁለቱንም የጠርዙን ማዕዘኖች ክብብ አድርጋቸው፣ የቀዳዳዎቹን አፍም እንደዚያው። ጥፍርህን ስታንሸራትትበት ምንም ካልያዘህ በቃ። አሰልቺ ነው፣ ሬዲዮ ክፈትና ሥራ። አንድ ሰው የመሣሪያ ምርጫ ላይ ሳምንት ሙሉ ተጨንቆ ጠርዙን በአሥር ደቂቃ ሲያልፈው ሳይ ይገርመኛል።

«የፕላስተሩ ሙጫ አልለቅ አለኝ። በቲነር ላጥበው?»

ኧረ በፍጹም እህቴ! ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚን፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጠቢያ አንዳቸውም አጠገቡ አይድረሱ። ላዩን ብቻ ሳይሆን ውስጡን እንደ ሸረሪት ድር በሚመስል ቀጭን ስንጥቅ ይሞሉታል፤ ነገሩ ደግሞ ተወጥሮ በተቀመጠበት ቦታ ይብሳል። ለብ ያለ ውሃና ቀላል ሳሙና፣ በእጅሽ ቀስ አድርገሽ። ብሎን እንዳይፈታ የሚቀባው ማጣበቂያም አክሪሊክ ይበላል፣ ከካኖፒው ብሎኖች አርቂው።

«በአክሪሊክ ፈንታ ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ፕላስቲክ ብጠቀም ከዚህ ሁሉ ጣጣ አልገላገልም?»

ከቆረጣው ጣጣ አዎ፣ እንደ ልብ ይቆረጣል፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ግን ቶሎ ይጫጫራል፣ ቤንዚንም ይጎዳዋል። ነዳጅ ሲሞላ ክንፍ ላይ የሚንጠባጠብ አውሮፕላን ካለህ አስብበት።

«መነጽር ማድረግ አለብኝ?»

አለብህ። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካኖፒ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች ሲያክም፣ ዓይን አክሪሊክን እንደሚታገሥ አስተዋለ፤ በ1949 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዚሁ ነገር የተሠራ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለ። ድንቅ ታሪክ ነው፤ አንተ ላይ እንዲደገም ግን አያስፈልግም። ማስክም አድርግ፣ ብናኙ ደቃቅ ነው።

«ቢሰነጠቅስ? አለቀ ማለት ነው?»

ስንጥቁ የት እንዳለ ነው ጥያቄው። ተቆርጦ የሚጣለው ክፍል ላይ ከሆነ ከኋላው ዞረህ ቁረጥ። ጠርዝ ላይ የቀረ አጭር ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ልክ ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ብሳና አፉን አለስልሰው፤ ውጥረቱ በክቡ ዙሪያ ስለሚበተን መጓዙን ያቆማል። ፊት ለፊት፣ የምታይበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ካኖፒ እዘዝ፣ ልፋ ቢልህ ነው። የኔዋ ቀዳዳ ከመቀመጫው ጀርባ ናት፣ እስካሁን ንቅንቅ አላለችም። አብሮኝ የሚበር ሰው ሁሉ ግን ገና ቀበቶውን ሳያስር «ይቺ ምንድን ናት?» ይለኛል።