ውጤቴስ ደህና ነው፤ ከክፍል ውጪስ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤
የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ውጤቴ ደህና ነው፤ ከክፍል ውጪ ግን የሠራሁት አንድም ነገር የለም። አንዴ ፑትናም የተባለውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሒሳብ ውድድር ጥያቄዎች ከፍቼ አንዱንም መጀመር አቃተኝ። በሳምንት 6 ሰዓት ያህል አለኝ። ከውድድር፣ ከኮዲንግና ከንባብ የቱን ልያዝ ይላሉ?
ግራ የገባት

እህቴ፣ ፑትናም ያስደነገጠው አንቺን ብቻ አይደለም። 12 ጥያቄ በ6 ሰዓት፣ ከ120 ይታረማል፤ ግማሹ ተወዳዳሪ ከ1 ነጥብ ያላለፈባቸው ዓመታት አሉ። ውድድሩ ለአሜሪካና ለካናዳ ተማሪዎች ነው፤ የቆዩ ጥያቄዎቹን ግን ማንም ይሠራቸዋል። ከየዓመቱ ኤ1 እና ቢ1ን፣ ማለትም የሁለቱን ክፍሎች የመጀመሪያ ጥያቄዎች ብቻ ሞክሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል የሚሉት እነሱ ናቸው።

ለ6 ሰዓት የምመርጥልሽ ግን ከአንድ መምህር ጋር መጽሐፍ ማንበብን ነው። «ምርምር ይስጡኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ መልስ አታገኚበትም። መጽሐፉንና ምዕራፉን ጠቅሰሽ፣ ለ10 ሳምንት በሳምንት 1 ሰዓት ጠይቂ። በሳምንት 4 ወይም 5 ገጽ ይበቃል። ብዙዎች የሚወድቁት የአንድን ቴዎረም፣ ማለትም እውነትነቱ የተረጋገጠ የሒሳብ አባባል፣ ማረጋገጫ እያነበቡ «ገባኝ» ሲሉ ነው። መጽሐፉን ዝጊና ከቴዎረሙ አንድ ቅድመ ሁኔታ ቀንሺ። ለምሳሌ ከ0 እስከ 1፣ ጫፎቹን ጨምሮ፣ ያልተቋረጠ ፈንክሽን የግድ ከፍተኛ ዋጋ አለው። ጫፎቹን አውጪና አንድ ሲካፈል ለኤክስን ውሰጂ፦ ወደ 0 በተጠጋሽ ቁጥር ያለ ልክ ይወጣል። እንግዲህ ጫፎቹ ማረጋገጫው ውስጥ የት ላይ እንደገቡ ፈልጊ። መምህርሽም የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፤ ኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍልሽ የሚያወራውም ከዚሁ ነው። መጨረሻ ላይ ለጓደኞችሽ በሰሌዳ 20 ደቂቃ አስረጂ፦ አንድ ቴዎረም፣ አንድ ምሳሌ። ሦስት ቴዎረም ይዞ የሚወጣ ሰው ትርጓሜ ላይ እያለ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ሁለት ጓደኛ ካገኘሽ ኤምሲኤም የተባለውን የሞዴሊንግ (የገሃዱን ዓለም ችግር በሒሳብ የመግለጽ) ውድድር ሞክሩ። ቡድኑ እስከ 3 ሰው ነው፤ 4 ቀን ይፈጃል። መጽሐፍና ኢንተርኔት ይፈቀዳል፣ ከቡድኑ ውጪ ሰው ማማከር ግን ክልክል ነው። ቡድኖችን የሚጥላቸው ጽሑፉን ለመጨረሻዋ ሌሊት ማቆየት ነው። አንዳችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጻፉ፤ ዳኞች ቀድመው የሚያዩትን የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ደግሞ ደጋግማችሁ አርሙት።

ኮዲንጉን ለእረፍት ጊዜ አቆዪው። ፕሮጀክት ኦይለር በተባለው፣ በኮድ የሚፈቱ የሒሳብ ጥያቄዎች ባሉበት ድረ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ከ1000 በታች ያሉ የ3 ወይም የ5 ብዜቶችን መደመር ነው፤ ያለ ኮምፒውተር ሞክሪው፣ የ15 ብዜቶች ሁለቴ እንዳይቆጠሩብሽ።

ለመምህሩ የምትልኪው መልእክት ተርሙ እንደተከፈተ ይድረስ፤ በፈተና ሰሞን ከመጣ ከእርማት ወረቀት ጋር ይከመራል።