ያንን ወረቀት ዝም ብለው እንዳይከፍሉ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጥር ላይ በረዶ በጣለ ሰሞን አንዲት የአጋዘን ግልገል ጓሯችን መጥታ ወደቀች። እናቷ የለችም፣ አጥንቷ ይቆጠራል። አሳዘነችን፤ ጋራዥ አስገብተን በቆሎ አበላናት። ቀናት ቆይቶ ሰው ጠቁሞ የዱር እንስሳት ፖሊስ መጣና ወሰዳት፤ ለእኔም የክስ ወረቀት ሰጠኝ። ነፍስ ማዳን ያስከስሳል? ኦንላይን ብከፍለው አያልቅም?

መልስ፦ እህቴ፣ ማዘንዎ አያስወቅስም። ሕጉ ግን አጭር ነው። በቨርጂኒያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ ማቆየት ክልክል ነው፣ ለማዳን ብለውም ቢሆን። መመገቡም እንደ ካውንቲውና እንደ ወቅቱ ሊያስቀጣ ይችላል። በቆሎውስ ባይሰጧት ይሻል ነበር። ክረምቱን ቅርንጫፍ ስትቀረጥፍ የከረመች አጋዘን በድንገት በቆሎ ስትጠግብ ሆዷ ውስጥ አሲድ ይበዛና ሊገድላት ይችላል።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ነገር ልሂድ። ዜጋ ነዎት ወይስ ግሪን ካርድ ያዥ? ለመክፈል መቸኮልዎን ሳይ የዜግነት ማመልከቻ በእጅዎ ያለ መሰለኝ። እንደዚያ ከሆነ ይህን መደበቅ አልነበረብዎትም።

ያ ወረቀት የፓርኪንግ ትኬት አይደለም። እንዲህ ያለው ጥፋት ሚስዲሚነር ነው፣ ከወንጀል ይቆጠራል። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ መክፈል ደግሞ ጥፋቱን አምኖ መቀበል ነው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት ከዚህ በኋላ ነው። ከፍለው ይረሱታል። የዜግነት ማመልከቻ ቅጹን፣ ኤን-400ን ሲሞሉ፣ ታስረው ወይም ተከሰው ወይም ከፖሊስ የክስ ወረቀት ተቀብለው ያውቁ እንደሆነ ይጠየቃሉ። «እሱማ አለቀ፣ ደግሞ ለአጋዘን!» ይሉና «አይ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ኢንተርቪው ላይ ምለው ይደግሙታል። መዝገቡ ግን የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት ሊሆን ይችላል። የአጋዘኗ ነገር ብቻውን ዜግነት ያስከለክላል ብዬ አልሰጋም። በመሐላ የተነገረ ውሸት ግን ያስከለክላል። ክሱ ቢሰረዝ እንኳ መልሱ «አዎ» ነው።

ስለዚህ ለጊዜው አይክፈሉ። ወረቀቱ ላይ ያለውን የቀጠሮ ቀን ግን በምንም ምክንያት አያሳልፉ። ከዚያ በፊት የወንጀልንም የኢሚግሬሽንንም ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ወረቀቱን ሳላይ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ግልገሏን ያገኙ ዕለት ወደ እንስሳት ማገገሚያ ደውለው ከነበረ የስልክዎን መዝገብ ያስቀምጡ። ልጆቹ ቪዲዮዋን ቲክቶክ ላይ ለጥፈው ከሆነ ጠበቃዎ ሳያየው እንዳያጠፉት። ጉዳዩ ሲዘጋ ማኅተም ያረፈበት የውሳኔ ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ ይውሰዱ። ለኢንተርቪው ይጠየቁበታል።