ለቪየናው የጨረራ ኮንፈረንስ አብስትራክትሽ ካለፈ በኋላ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቪየና ላይ ለሚያዘጋጀው የጨረራ ኮንፈረንስ አብስትራክትሽ (የጥናትሽ አጭር ማጠቃለያ) ተቀባይነት አግኝቷል። ከአገር ወጥተሽ አታውቂም። ቀጥሎ ምን ልሥራ፣ ወጪውን ማን ይችለዋል፣ ቪዛ ይከለክሉኛል ወይ፣ የቲኤልዲ ባጄንስ (ሥራ ላይ የሚያገኘኝን ጨረራ የሚለካውን) ይዤ ልሂድ ወይ ብለሻል። እኔ በጨረራ ሕክምና ክፍል የምሠራ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ። በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼንም ሸኝቻለሁ።

መጀመሪያ ደስ የማይለውን ልንገርሽ። አብስትራክቱ አለፈ ማለት ትሄጃለሽ ማለት አይደለም። የኤጀንሲው ኮንፈረንስ እንደ ሙያ ማኅበራት ስብሰባ ከፍለሽ የምትገቢበት አይደለም፤ አገርሽ ወክላሽ ነው የምትገቢው። ሦስት ፎርሞች አሉ። ፎርም ኤ የተሳትፎ ነው፣ ፎርም ቢ ጽሑፍ ማቅረቢያ፣ ፎርም ሲ ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ። የሚሞሉት ኢንታች ፕላስ በሚባለው የኤጀንሲው ድረ ገጽ ላይ ነው። አንቺ ሞልተሽ ስለላክሽ ግን አላለቀም፤ በኢትዮጵያ በኩል ከኤጀንሲው ጋር የሚሠራው የመንግሥት አካል አጽድቆ ማስተላለፍ አለበት። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ሳይንሱን አልፎ ደብዳቤ ይጥለዋል።

ስለዚህ ጥናትሽን የምታሳዪበትን ፖስተር ለጊዜው ተዪውና ዛሬውኑ የመሥሪያ ቤትሽን የድጋፍ ደብዳቤ ጀምሪ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፦ የክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ዳይሬክተር፣ ከዚያ ቲተርና ማኅተም፣ ከዚያ መዝገብ ቤት ወጪ ቁጥር። አንድ ባልደረባዬ፣ የት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅርና፣ ደብዳቤው ተጽፎ አልቆ ፈራሚው ስልጠና ላይ ስለሆኑ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። ተወካዩ ደግሞ «ለዚህ ውክልና አልተሰጠኝም» አሉ። የማመልከቻው ቀን አለፈ። «እኛ እንልከዋለን፣ አትጨነቂ» ሲሉሽ አመስግኚና ኮፒውን በእጅሽ ይዘሽ ራስሽ አድርሺ። ማንም አይቆጣሽም።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ መዝገብ ቤት በልማዱ የኛን ዓመተ ምሕረት ይመታበታል፣ ኤምባሲ ያለው ሰው ሲያየው የሰባት ስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ያቀረብሽ ይመስለዋል። ውስጡ ሥራሽ ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠሪ፣ ደመወዝሽ እንደማይቋረጥ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና በስንት ቀን ወደ ሥራ እንደምትመለሺ ይጻፍ። ስምሽን ደግሞ ደጋግመሽ እዪው። አብስትራክት ላይ በሁለት ስም ጽፈሽ ከሆነ ፓስፖርትሽ ላይ ግን የአያትሽ ስም አለ፤ የአባትሽን ስም አንዱ ቦታ እንደ ቤተሰብ ስም፣ ሌላው ቦታ እንደ መካከለኛ ስም ከጻፍሽ በሦስት ወረቀት ሦስት ሰው ትሆኛለሽ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን፣ ፊደል ሳትቀይሪ፣ ሁሉም ቦታ ተጠቀሚ።

ወደ ገንዘቡ። እዚህ ጋ የኤጀንሲው ኮንፈረንስ ጥሩ ነገር አለው፣ የምዝገባ ክፍያ የለውም። ሌሎቹ እንዲህ አይደሉም። በአራት ዓመት አንዴ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጨረራ ምርምር ኮንግረስ ለምሳሌ (እ.ኤ.አ. በ2019 ማንቸስተር፣ በ2023 ሞንትሪያል ነበር፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለምዝገባ ብቻ ደህና ገንዘብ ያስወጣል፤ ለወጣት ተመራማሪዎች የጉዞ ድጋፍ ካላገኘሽ ከኪስ አይቻልም። ለቪየናው ፎርም ሲ ካልሞላሽ ቀኑ እንዳላለፈ አረጋግጠሽ ሙዪ። ግን ሁለት ነገር እወቂ። ድጋፉ በአብዛኛው ከአንድ አገር ከአንድ ሰው በላይ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሌላ ኢትዮጵያዊ አመልክቶ እንደሆነ ጠይቂ። ሁለተኛ፣ የሚሰጠው ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም። የቀረውን መሥሪያ ቤትሽ ይሸፍን እንደሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል «እናያለን» ያለሽ አለቃ የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ አያይም።

ቪዛ ይከለክሉኛል ወይ ላልሽው፣ ማንም ዋስትና አይሰጥሽም፤ ግን የሚከለከለው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የተምታታበት ሰው ነው። የሸንገን (ኦስትሪያን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ፣ ቢያንስ ግን 15 ቀን ሲቀር መግባት አለበት። መልሱ እስከ 45 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል 15ቷን ቀን እንደ ዕቅድ አትያዢያት። ክፍያው ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያሉ መድን ድርጅቶች ይሸጡታል። ፓስፖርትሽ ከሸንገን ከምትወጪበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ባንክ ስቴትመንት ላይ ደግሞ ከዘመድ ተበድረሽ በአንድ ቀን መቶ ሺህ አታስገቢ። ያዩታል። ትንሽም ብትሆን ወር በወር የምትገባ ደመወዝ ትሻላለች።

አሁን ወደ ባጁ፣ ጥያቄው ራሱ ደስ ብሎኛል። አትያዢው። ባጅሽ የሚለካው ሥራ ላይ የምታገኚውን ዶዝ (የጨረራ መጠን) ነው። የኤርፖርት የሻንጣ ኤክስሬይ ያልፍበታል፣ አውሮፕላኑ ላይም ከሕዋ የሚመጣው ጨረራ ይጨምርበታል፤ ከዚያ የወሩ ንባብ ሲመጣ የጨረራ ደኅንነት ኃላፊው ያልሠራሽውን ሥራ ይጠይቅሻል። ለማነጻጸሪያ ከሚቀመጠው ኮንትሮል ባጅ ጋር መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። በረራው ራሱ አያስፈራም። በዚያ ከፍታ በሰዓት ጥቂት ማይክሮሲቨርት ነው (ሺህ ማይክሮሲቨርት አንድ ሚሊሲቨርት ነው)፣ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት የሚያገኘው ደግሞ በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ካሊብሬሽን ሶርስ (መለኪያ መሣሪያ የምናስተካክልበት ጨረራ አመንጪ) ግን፣ የቱንም ያህል ደካማ ቢሆን፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። «ለዴሞ» ብሎ ሊይዝ የፈለገ ሰው አይቻለሁ! እንዲሁም ከጉዞው በፊት በአዮዲን 131 (ጨረራ በሚያወጣ መድኃኒት) የታከመ ሰው ካለ ከሐኪሙ ደብዳቤ ይያዝ፤ የድንበርና የኤርፖርት ጠቋሚዎች ከሳምንታት በኋላም ሊጮሁበት ይችላሉ።

ቪየና መድረስ ቀላል ነው። ከኤርፖርቱ ኤስ 7 የሚባለውን ባቡር ያዢ፤ ከጎኑ ያለው አረንጓዴው ፈጣን ባቡር ብዙ ያስከፍላል፣ የምታተርፊው ደቂቃዎች ነው። ፕራተርሽተርን ውረጂና በዩ 1 ሜትሮ ወደ ካይዘርሙህለን ሂጂ። ስትወጪ የተባበሩት መንግሥታት ሕንጻዎች ፊት ለፊትሽ ናቸው። በ1979 ነው የተከፈቱት፣ ኦስትሪያም በዓመት 1 ሺሊንግ ነው ያከራየቻቸው፤ ለኛ ቤት አከራዮች ይነገርልኝ። ፓስፖርት ሳትይዢ በር ላይ አትድረሺ፣ ፍተሻው እንደ ኤርፖርት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰልፉ ረጅም ስለሆነ የመግቢያ ባጅ ቀድሞ የሚሰጥበት ሰዓት ካለ ተጠቀሚበት። በነገራችን ላይ ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክተር ሄስ በ1912 በባሉን እየወጣ የሕዋ ጨረራን ሲለካ ብዙዎቹን በረራዎች የጀመረው ከዚያው ከፕራተር ነው። በ1936 ኖቤል ተሸለመበት። አውሮፕላን ላይ ያገኘሽው ዶዝ ታሪኩ የተጀመረው ባቡር የቀየርሽበት ሰፈር ነው ማለት ነው።

ኮንፈረንሱ ላይ ምን ላድርግ ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ይሄ ነው ዋናው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አትቀመጪ። የመክፈቻ ንግግሮች ሚኒስትሮች የሚናገሩት ነው፣ ብዙ ጊዜም በኢንተርኔት ይተላለፋል። ሰው ያለው ፖስተሩ ጋ እና ቡናው ጋ ነው። ከአገር ስትወጪ መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ያልተፈታ አንድ ጥያቄ፣ ከነቁጥሩ፣ ይዘሽ ሂጂ። ለምሳሌ ኤጀንሲው ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ከ1969 ጀምሮ የሚሠራውን የዶዚሜትሪ ኦዲት (የሕክምና ማሽን የሚሰጠው ጨረራ ልክ መሆኑን ማረጋገጫ) ታውቂዋለሽ። ትንንሽ ዶዚሜትር ይልኩልሻል፣ በማሽንሽ 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረራ መጠን መለኪያ ነው) ሰጥተሽ ትመልሺያለሽ፣ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካልበለጠ አለፍሽ። የሚነበበው ከቪየና ወጣ ብሎ ሳይበርስዶርፍ ባለው ላቦራቶሪ ነው። ያነበቡት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቡና ይዘው ቆመዋል! በኢሜይል ሳምንታት የሚፈጀውን ነገር ቆመሽ በሩብ ሰዓት ትጨርሺዋለሽ። የላቦራቶሪ ጉብኝት ካዘጋጁም ቀድመሽ ተመዝገቢ፣ ቦታው ቶሎ ያልቃል።

ሌላው፣ በዳታሽ አትፈሪ። አንዳንዶቻችን ከትልቅ ላቦራቶሪ የመጣ ሰው አጠገብ ስንቆም የኛ ሥራ ያንስብናል። እንዴት ያንሳል? ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት አገሩን ሁሉ በኮባልት 60 (ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር) ማሽን ሲያክም ነበር። የኮባልት ግማሽ ዕድሜ (ጨረራው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 5.27 ዓመት ስለሆነ ያ ጊዜ ሲያልፍ አንድ ታካሚ ማሽኑ ላይ የሚቆይበት ሰዓት እጥፍ ይሆናል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። ያንን ወረፋ ይዞ የሠራ ሰው የሚያውቀውን ሦስት አክስለሬተር (በኤሌክትሪክ ጨረራ የሚያመነጭ የሕክምና ማሽን) ያለው ሆስፒታል አያውቀውም፤ ከእስያም ከላቲን አሜሪካም ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ቆመው ይጠይቁሻል። ቁጥሮችሽን አጥርተሽ ያዢ፦ ስንት ማሽን፣ ስንት ታካሚ፣ ስንት የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ። በመጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይሄንኑ ነው። ፖስተሩ ኤሌክትሮኒክ ይሁን የታተመ ከመመሪያው አረጋግጪ። የታተመ ከሆነ ጨርቅ ላይ አሳትሚው፣ ሻንጣ ውስጥ ይታጠፋል፤ ያንን ረጅም ቱቦ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ጣጣ ነው።

ጾም ከገጠመሽ አትቸገሪም፣ የሕንጻው ካፌቴሪያ አትክልት አለው፤ ዳቦው ላይ ቅቤ ተቀብቶ እንደሆነ ብቻ ጠይቂ። ቦርዲንግ ፓስና ደረሰኝ አንድም እንዳትጥይ። ስትመለሺ ሒሳብ ስታወራርጂ ፋይናንስ በመጀመሪያ የሚጠይቅሽ እነሱን ነው፣ ሪፖርቱን ማንም ሳያነብ።

አሁን የፎርም ኤ የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነና ደብዳቤሽ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ጻፊልኝ። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርን እናስተካክለዋለን።