ባንድ ውስጥ ሸሪክ ነዎት ወይስ ተቀጣሪ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በመሠረትነው የፖፕ ፓንክ ባንድ 6 ዓመት ድራም ተጫውቻለሁ። ባለፈው ወር ድምፃዊዋ «ከእንግዲህ ሌላ ድራመር ይዘናል» አለችኝ። ከቱሩ፣ ከቲሸርቱና ከአልበሙ ድርሻ የለኝም? እስካሁን ያገኘሁት ደመወዜን ብቻ ነው።

መልስ፦ ዓይኔ የቀረው «ደመወዜን» ያሏት ቃል ላይ ነው። ከፋዩ ማን ነው? ከመቼ ጀምሮ? ምን ፈርመው? ዋናውን ነገር ሳይነግሩኝ አለፉት።

ሕጉ ባጭሩ፦ የጋራ ባለቤት ሆነው ለትርፍ አብረው የሚሠሩ ሰዎች፣ ውል ባይጽፉም ሸሪኮች ናቸው። ትርፍ መካፈል ሽርክናን ያመለክታል፤ ደመወዝ ግን አያመለክትም።

ሙዚቀኞች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሪከርድ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ) ይመጣል፣ ድምፃዊዋ ትፈርማለች፣ በስሟ ኩባንያ ይከፈታል። ከዚያ ማናጀሩ ቫን ውስጥ «ለታክስ ነው» ብሎ ስልክ ያቀብላል፤ ልጆቹም ሳያነቡ በጣታቸው ይፈርማሉ። በጃንዋሪ ደብሊው-2 የሚባለው የዓመት ደመወዝና የታክስ ቅጽ ይደርሳቸዋል። ያ ቅጽ የሚሰጠው ለተቀጣሪ ነው! ተቀጣሪ በሥራው የቀረጸው ሙዚቃ ደግሞ በሕግ የአሠሪው ነው። ጓደኛ ናት ብለው ወረቀት ማንበብ አፍረው ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተሳስተዋል።

ፓራሞር የተባለውን የሮክ ባንድ ያውቁት ይሆናል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ቴነሲ ውስጥ ሲመሠረት፣ ከአትላንቲክ ሪከርድስ ጋር የተዋዋለችው ድምፃዊዋ ሔይሊ ዊሊያምስ ብቻዋን ነበረች። ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጄረሚ ዴቪስ፣ በ2015 ሲለይ «ሸሪክ ነበርኩ» አለ። የባንዱ ኩባንያ «ተቀጣሪ ነበር» ብሎ በ2016 ፍርድ ቤት ሄደ። ጉዳዩ በ2017 በስምምነት አለቀ። ስንት ዓመት መድረክ ላይ አብረው የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ያሳዝነኛል።

የእርስዎ ነገር ግን ገና አላለቀም። ደመወዙ የተጀመረው በአራተኛው ዓመት ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጊዜ ለብቻው ይታያል። ያኔ የመግቢያ ገቢውን እኩል ትካፈሉ ነበር? ቫኑ የተገዛው በማን ክሬዲት ካርድ ነው? «ለአራታችን እኩል» የሚል ቴክስት አለ? አንዱንም እንዳያጠፉ። የባንክ ስቴትመንት፣ የ6 ዓመት የታክስ ወረቀትና የፈረሙትን ሁሉ ሰብስበው የሙዚቃ ውል ወደሚያውቅ ጠበቃ ይሂዱ። አቅም ካነሰዎት አርቲስቶችን በዝቅተኛ ክፍያ የሚያማክሩ የጠበቆች ማኅበራት አሉ። አይዘግዩ፦ የኮፒራይት ባለቤትነት ክርክር በግልጽ ከተካዱበት ጊዜ አንስቶ በ3 ዓመት ይታገዳል።

ሒሳብ መዝጊያ የሚባል ወረቀት ከነቼኩ ቢልኩልዎት፣ ጠበቃዎ ሳያየው አይፈርሙ፤ ቼኩንም ባንክ አያስገቡ።