አኳሪየሙን ግድግዳ ውስጥ ላስገባው ነው፣ ውሃው ታች ቤት ቢወርድ ማነው የሚከፍለው?

ጥያቄው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂያችን አፓርትመንት ገዝታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሳሎኑንና ኮሪደሩን የሚለየውን ግድግዳ አስቀድዳ ከሁለቱም ወገን የሚታይ የጨው ውሃ አኳሪየም ልታስገባ ነው፣ ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ያሉበት፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 70፣ ቁመቱ 65 ሴንቲ። ኮንትራክተሩ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አርጎ "ብሎኬት ነው የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም" ብሏታል፣ 70 ፐርሰንቱን አሁን ክፈይኝ ብሏታል፣ የተጻፈ ውል የላቸውም ሁሉንም በስልክ ነው የጨረሱት፣ የሕንፃው አስተዳዳሪ ደግሞ ደረጃ ላይ አግኝታው ስትነግረው "ምን ችግር አለው" ብሎ አልፏል። የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ፣ ውሃ ታች ቤት ቢወርድ ማነው የሚጠየቀው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱን ብሸጥ አኳሪየሙን ይዤው መውጣት እችላለሁ ወይ።

እህቴ፣ ከየትኛው አገር እንደጻፍሽልኝ አልነገርሽኝም፣ ስለዚህ አንቀጽ እየጠራሁ አላደክምሽም፣ ብዙ ቦታ ተመሳሳይ የሆነውን ነው የምነግርሽ፣ የሚለያየው ላይ ስደርስ እነግርሻለሁ። እና ከመጨረሻው ጥያቄሽ ነው የምጀምረው፣ ቀላል ይመስላል ግን ሌሎቹን ሁለቱን የሚወስናቸው እሱ ነው።

ሳሎን ጥግ ላይ በራሱ ማስቀመጫ የቆመ አኳሪየም በሕግ ፊት እንደ ፍሪጅሽ ነው፣ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ቤቱን ስትሸጪ ጭነሽው ትሄጃለሽ ማንም ምንም አይልሽም። ያንኑ መስታወት ግድግዳ ውስጥ አስገብተሽ ዙሪያውን በሲሊኮን አጣብቀሽ ለስነሽ ቀለም ስትቀቢው ግን ሳይፈርስ የማይወጣ ነገር ሆነ፣ ሳይፈርስ ወይ ሳይበላሽ የማይነጠል ነገር ደግሞ የቤቱ አካል ነው። ከሮማውያን ጊዜ ጀምሮ ያለ መርህ ነው ይሄ። መስኮትሽን ነቅለሽ አትሄጂም አይደል? እሱም እንደዛው ነው፣ ዝም ብለሽ ከሸጥሽ ከቤቱ ጋር ተሸጠ። ዓሳውና ኮራሉ ያው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፣ ያንቺ ነው ብዬ እከራከርልሻለሁ፣ ግን ገዢው ማታ መጥቶ መብራቱ በርቶ አይቶት በሱ ተማርኮ ከሆነ ዋጋውን የቆረጠው፣ ባዶ መስታወት ስታስረክቢው ዝም አይልም፣ ስለዚህ በሽያጭ ውሉ ላይ ምን እንደሚቀር ምን እንደሚወጣ በስም ይጻፍ።

እና እኔን ብትጠይቂኝ ግድግዳው ፍሬም ብቻ ይሁን። ክፍተቱ ይከፈት፣ አኳሪየሙ ግን ወለል ላይ በቆመ በራሱ የብረት ማስቀመጫ ላይ ይቀመጥ፣ ግድግዳውን አይንካ፣ ዙሪያው ላይ የሚታየው ማስዋቢያ ደግሞ በብሎን የሚፈታ ይሁን። ያኔ ተንቀሳቃሽ ነው ብለሽ ለመከራከር እግር ይኖርሻል፣ ዳኛው ሁሌ ይቀበልሻል ማለቴ አይደለም ግን በልስን ከተደፈነው በጣም ይሻላል። ደግሞ ለሕጉ ብቻ አይደለም፣ ከላይ እጅሽን አስገብተሽ የማታጸጂው አኳሪየም ዕድሜ የለውም።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ቤቱ ያንቺ ነው ማለት በርሽን ዘግተሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው ማለት አይደለም። የጋራ ሕንፃ ላይ ምሰሶው፣ ቢሙ፣ ሶሌታው፣ ተሸካሚ ግድግዳው፣ ውስጡ የሚያልፈው የጋራ ቧንቧ፣ አብዛኛው ሕግ ላይ የጋራ ንብረት ነው፣ አንቺ ሳሎን ውስጥ ቢሆንም። ብሎኬት ነው ማለት ደግሞ አይሸከምም ማለት አይደለም፣ ብሎኬት የሚሸከምበት ሕንፃ አለ፣ ይሄን የሚወስነው ፕላኑን አይቶ የሚፈርም ስትራክቸራል ኢንጂነር ነው እንጂ የኮንትራክተር ጣት አይደለም።

ሁሉም ሰው ስለ ግድግዳው ይጨነቃል ወለሉን ግን ይረሳል። በሰጠሽኝ ልክ ሳሰላው 910 ሊትር ነው፣ የጨው ውሃ ደግሞ ከተራው ትንሽ ይከብዳል፣ ሊትሩ 1.025 ኪሎ ገደማ፣ ውሃው ብቻውን 930 ኪሎ አካባቢ መጣ። መስታወቱ 15 ሚሊ ከሆነ ሌላ 180 ኪሎ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ብረቱ፣ ከሥር ያለው ሳምፕ (ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ) ከነውሃው ሲጨመር 1300 ኪሎ ብትዪ አላጋነንሽም። ይሄ ሁሉ የሚያርፈው 1.4 ካሬ ላይ ነው፣ በካሬ ከ900 ኪሎ በላይ፣ የመኖሪያ ቤት ወለል ደግሞ ብዙ የግንባታ ኮዶች ላይ የሚታሰበው በካሬ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ላለ ጭነት ነው። ይወድቃል እያልኩሽ አይደለም፣ ጭነት ይከፋፈላል፣ ቢም አጠገብ ያለ ቦታና መሀል ሜዳ አንድ አይደለም፣ ግን ይሄን በወረቀት የጻፈልሽ ባለሙያ ከሌለ ነገ ታች ቤት ኮርኒስ ላይ ስንጥቅ ሲታይ፣ ስንጥቁ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረ ቢሆን እንኳ፣ ጣት የሚቀሰረው አንቺ ላይ ነው።

የአስተዳዳሪው "ምን ችግር አለው" ፈቃድ አይደለም። አስተዳዳሪው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር አይደለም፣ ነገ ሰውየው ቢቀየር ማን ይመሰክርልሻል? ለማኅበሩ ቦርድ በጽሑፍ አመልክቺ፣ የኢንጂነሩን ወረቀት አያይዢ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ላይ ነው አገር ከአገር የሚለያየው፣ የማይሸከም የውስጥ ግድግዳ መቅደድ አንዳንድ ቦታ ማስታወቅ ብቻ ይበቃዋል፣ አንዳንድ ቦታ ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ወይ ፍሳሽ ከተጨመረ ደግሞ ሌላ ነው፣ ሄደሽ ጠይቂ።

ውሃው ታች ቤት ቢወርድስ? ሰው ኃላፊነት ሲባል "ጥፋቱ የማነው" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እዚህ ላይ ግን ብዙ ቦታ ጥፋት ባይኖርብሽም ልትጠየቂ ትችያለሽ። የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የእንግሊዝ ፍርድ አለ፣ ራይላንድስና ፍሌቸር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወሰነ። ራይላንድስ ለፋብሪካው የውሃ ማጠራቀሚያ በኮንትራክተር አስቆፈረ፣ ኮንትራክተሮቹ ሲቆፍሩ የድሮ የማዕድን ጉድጓድ አገኙ፣ በደንብ አልደፈኑትም፣ ውሃው ሲሞላ በዛው ወርዶ የጎረቤቱን የፍሌቸርን የከሰል ማዕድን አጥለቀለቀው። ራይላንድስ ራሱ ምንም አላጠፋም፣ ግን ክፈል ተባለ፣ ቢያመልጥ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ያጠራቀምከው አንተ ነህ ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን እዛው አገር አንድ ሕንፃ ውሃ በሚያመጣ ቧንቧ ጉዳይ ላይ ለአፓርትመንት የሚመጣ የተለመደ ውሃ እዚህ ውስጥ አይገባም ብለው አጥብበውታል። ያንቺ አንድ ቶን የሚጠጋ ባሕር የተለመደ የቤት ውሃ ነው ወይ? እኔ የጎረቤትሽ ጠበቃ ብሆን አይደለም ብዬ ነበር የምከራከረው። የፍትሐ ብሔር ኮድ ያላቸው ብዙ አገሮች ደግሞ በሌላ መንገድ እዛው ይደርሳሉ፣ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ዕቃ የያዘም ዕቃው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። በአጭሩ ታች ያለው ጎረቤት አንቺ ጋ ነው የሚመጣው፣ አንቺ ትከፍያለሽ፣ ከዛ ነው ኮንትራክተሩን መልሰሽ የምትጠይቂው፣ ማለትም ውልሽ እስካለ፣ እሱም እስኪገኝ ድረስ።

ኢንሹራንስ አለኝ ብለሽ ከሆነ ፖሊሲውን አውጥተሽ አንብቢው። አብዛኛው ድንገት የፈሰሰ ውሃን ይሸፍናል ቀስ ብሎ ሲንጠባጠብ የኖረውን አይሸፍንም። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ ታች ቤት ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ወጣ፣ "ትናንት ማታ ነው የፈሰሰው" ብሎ አመለከተ፣ የኢንሹራንሱ ሰውዬ መጥቶ ከአኳሪየሙ ሥር ያለውን ካቢኔ ከፈተ፣ በስልኩ መብራት አየና ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ በጥፍሩ ጫር አረገው፣ ነጭ ቅርፊት ፍርፍር ብሎ ወደቀ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ጨው። ተራ ውሃ ቢሆን ደርቆ ይጠፋ ነበር፣ የጨው ውሃ ግን ቀኑን ጽፎ ነው የሚሄደው፣ ያን ያህል ቅርፊት በአንድ ማታ አይጋገርም። ጥያቄው ውድቅ ሆነ፣ እኔም የምለው ጠፋኝ። ስለዚህ አኳሪየሙ ከመግባቱ በፊት ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ሊትሩን ጭምር፣ ደብቀሽው ከተገኘ ለሌላውም ጉዳት አንከፍልም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ይከፍላል ወይ ብለሽም መልሱን በጽሑፍ ያዢ። በየወሩ ካቢኔውን ከፍተሽ ፎቶ አንሺ፣ ቀኑ ይኑርበት።

አሁን ውሉ፣ ሁሉንም በስልክ ነው የጨረስነው ያልሽኝ ነገር አስደንግጦኛል። ሰው የሚፈራው መስታወቱ ሲፈነዳ ነው፣ እሱም አለ፣ በርሊን ሆቴል ውስጥ የነበረው አኳዶም የሚባል ግዙፍ አኳሪየም ዲሴምበር 16፣ 2022 ንጋት ላይ ፈንድቶ 1 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የጨው ውሃ ለቋል፣ ባለሙያዎች ሲመረምሩት መጋጠሚያው ነው፣ ወይ በዕድሳት ጊዜ የተመታ ቦታ ነው፣ ወይ ባዶ ሆኖ ሲቆይ አክሪሊኩ (የተሠራበት መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) ደርቆ ነው፣ ሦስት ግምት አስቀምጠው የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት አልቻሉም። እንደዛ ዓይነት ምርመራ ተደርጎም ምክንያቱ ካልታወቀ አንቺ በየትኛው ማስረጃ ነው "የኮንትራክተሩ ጥፋት ነው" የምትዪው?

የቤት አኳሪየም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ውሃ የሚፈሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ከሳምፑ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲቆም ውሃው በዛው ቱቦ እንደ ሲፎን ወደ ታች ይመለሳል፣ የቱቦው አፍ ከውሃው ገጽ 5 ሴንቲ ዝቅ ካለ ባንቺው ልክ 70 ሊትር ነው ሳምፕ ላይ የሚወርደው፣ ሳምፑ ያን የሚችል ባዶ ቦታ ከሌለው ወለልሽ ላይ ነው። ስለዚህ ርክክቡ ላይ ይሄ ይጻፍ፦ ሙሉ ውሃ ተሞልቶ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሁላችሁም ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ጠብታ ካልፈሰሰ ይፈረማል። ይሄን እምቢ ያለ ኮንትራክተር ሥራውን አያምነውም። ከዛ በኋላ ቱቦው ላይ ያለውን፣ አየር አስገብቶ የውሃውን መመለስ የሚያቆመውን ትንሽ ቀዳዳ ቀንድ አውጣ ወይ አልጌ ቢደፍነው ግን ጥገና ነው፣ ያንቺ ድርሻ ነው፣ ውሉም እንደዛ ለይቶ ቢያስቀምጠው ላንቺም ይጠቅምሻል።

ሌላ፣ መስታወቱን ሌላ ሰው ሠርቶት፣ ግድግዳውን ሌላ፣ ኤሌክትሪኩን ሌላ ከሆነ ችግር ሲመጣ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ፣ ለሁሉም የሚጠየቅ አንድ ሰው ውሉ ላይ ይኑር። እርጥበቱም ይጻፍ፣ እንዲህ ያለ አኳሪየም በየቀኑ ሊትሮች ነው የሚተነው፣ ማናፈሻ ከሌለው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይሻግታል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ዋስትናው ላይ ደግሞ "ሕጉ ይጠብቀኛል" አትበዪ፣ በፈረንሳይ ሕግ ሕንፃ የሠራ ሰው ለከባድ ጉድለት 10 ዓመት ይጠየቃል፣ ይሄን የወረሱ አገሮችም አሉ፣ ግን አኳሪየም እዛ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ራሱ ክርክር ነው፣ ስንት ዓመት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍልሽ። 70 ፐርሰንቱን አትክፈዪ። ቀብድ፣ መስታወቱ ሲመጣ፣ ሲገጠም፣ ያ የብሬከር ፈተና ሲያልፍ፣ እንደዛ ይከፋፈል፣ የመጨረሻውም ድርሻ ሰውየው ለመመለስ የሚያጓጓው ይሁን።

ኮራሉ ላይ አልጠየቅሽኝም ግን ልንገርሽ። ድንጋይ የሚሠሩት ጠንካራ ኮራሎች፣ ክላም የሚባሉት ትልልቅ ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳት፣ የባሕር ፈረስም፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይትስ በሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ መግዛት አይከለከልም ግን ድንበር ሲሻገሩ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ደረሰኙ ላይ የዝርያው ስም ይጻፍ፣ አስቀምጪው፣ ነገ አገር ስትቀይሪ ይዘሻቸው ልሂድ ብትዪ መጀመሪያ የምትጠየቂው እሱን ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ታች ያለውን ጎረቤትሽን አንኳኪና ኮርኒሱን አብራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ይቀመጥ፣ ቢቻል ፈርሙበት። ቅር እንዳይለው በደንብ አስረጂው፣ ለሱም ማስረጃ ነው። እና ማን ያውቃል፣ ያ ቢጫ ክብ አኳሪየሙ ገና ሳይገባ እዛው ጠብቆሽ ታገኚው ይሆናል።