ለሁለት ሰው ፕሮጀክት ቤታና አርሲ ያስፈልጋል ወይ?

ወንድሜ፣ «ላይብረሪውን የምንሠራው ሁለት ነን፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ቨርዥን 1.0 ብለን ልንለቅ ነው፤ አልፋ፣ ቤታ፣ አርሲ እያልን መሄድ ያስፈልገናል?» ብለህ ጠይቀሃል። አልፋውን፣ ገና ጥሬውን የሙከራ እትም፣ ተወው። ቤታውን (ሰው እንዲሞክረው ቀድሞ የሚለቀቀውን) እና አርሲውን (ስህተት ካልተገኘበት የመጨረሻው የሚሆነውን እጩ) ግን እንዳትዘልል። የምልህ ከደረሰብኝ ነው።

አራት ኪሎ ሆነን የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራመሮች ሥራቸው ውስጥ የሚያስገቡት ዝግጁ ኮድ) እንሠራ ነበር። በ2015 ክረምት ስሌቱን እንደ አዲስ ጻፍነውና 2.0.0-ቤታ.1 ብለን ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የሚለቀቅበትና የሚጫንበት ማከማቻ) ላይ ለቀቅነው። ቤታ የሚል ስላለበት ማንም ሳያውቅ አይጭነውም ብለን አምነን ነበር። ስንለቅ ግን ታግ፣ ማለትም የመልቀቂያ ምልክት፣ አልሰጠነውም፤ ያኔ ደግሞ ታግ ካልሰጠኸው ኤንፒኤም ቤታውንም «ሌተስት» (ቁጥር ሳይጠቀስ ሲጫን የሚመጣው) ያደርገዋል። የድሮ ተጠቃሚዎቻችን ቨርዥን 1 ላይ ስለነበሩ አልተነኩም። ቁጥር ሳይጠቅስ አዲስ የጫነ ሁሉ ግን ቤታውን ወሰደ። አንዱ እዚያው ሰፈር ላለ ፋርማሲ የሽያጭ ሲስተም የሚሠራ ልጅ ነበር።

ጳጉሜን 6 ጠዋት ደወለልኝ። ደረሰኙ «መስከረም 1 ቀን 2016» ብሎ ይወጣል። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን አላት፤ የእኛ አዲሱ ስሌት 5 ላይ ቆርጧታል። ሮጬ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ እያንዳንዱን ደረሰኝ በእስኪሪብቶ እየሰረዘች ከጎኑ «ጳጉሜን 6» ትጽፍበታለች፣ ሰው ተሰልፏል። እዚያው ቆሜ «ሌተስት»ን ወደ ቨርዥን 1 መለስኩት። አንድ ትእዛዝ ነው፤ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት መጻፍ የነበረበት ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ ከስሙ በፊት መንገዱን፣ በምን በኩል እንደምትለቁት፣ ለዩ። ኤንፒኤም ከሆነ ቤታውን «ኔክስት» በሚል ታግ ልቀቁት። ከቨርዥን 11 ወዲህ ኤንፒኤም ራሱ ያለ ታግ ቤታ አያስለቅቅም፣ እሰየው። ፓይተን ከሆነ፣ የተረጋጋ ቨርዥን እስካለ ድረስ ፒፕ (የፓይተን መጫኛው) ካላዘዙት ቤታ አይጭንም።

አጻጻፉ ላይ ነጥቧን አትርሱ። በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ (የቨርዥን ቁጥር አጻጻፍ ደንብ) አርሲ.10 ከአርሲ.2 በኋላ ይመጣል። ያለ ነጥብ አርሲ10 ብትሉ ግን እንደ ፊደል ስለሚነጻጸር ከአርሲ2 በፊት ይገባል። አንዴ የወጣ ቁጥር ደግሞ ተመልሶ አይለቀቅም፤ ከተሳሳታችሁ ቀጣዩን ውሰዱ።

ከባዱ ራስን መግዛት ነው። ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) ላይ አዲስ ነገር የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። አርሲ1 ሲወጣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየታረመ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አርሲ7 ይሄዳል። ለእናንተ ሁለት ሳምንት ቤታ፣ አንድ ሳምንት አርሲ ይበቃል። ከአርሲ በኋላ ስህተት ማረም ብቻ። አንድ መስመርም ብትሆን ከነካችሁ አርሲ.2 በሉና ሳምንቱን ከአንድ ቁጠሩ። ጓደኛህ «ይቺ እኮ ትንሽ ናት» ይልሃል፤ እኔም እል ነበር። ይህን ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ ጻፉት፣ ስትከራከሩ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የእኛን ቤታ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ሞከርኩት» ያለን ሰው አልነበረም። ፈልገን አልጠየቅንማ። እናንተ ከመልቀቃችሁ በፊት የሚሞክሩላችሁ ሦስት ሰዎች በስም ያዙ። አንዱ እኔ ልሁን፤ አርሲ.1 ስትሉ ቁጥሩን እዚህ ጻፉልኝ፣ የዚያኑ ቀን እጭነዋለሁ።